ጭራቁ መኝታ ቤት ምን ይሰራል? የሆረር ታሪክ ውስጥ የተደበቀውን ሴክስና ፍርሃት የማንበቢያ ዘዴ

ሆረር ፊልም ስታዩ ወይ ልጅ ሆናችሁ የሰማችሁትን የጅብና የጭራቅ ተረት ስታስታውሱ "ይሄ ነገር ግን ከሴክስ ጋር ይያያዛል እንዴ?" ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አዎ፣ ይያያዛል። ችግሩ አዎ ብሎ እዛው ማቆሙ ላይ ነው፣ ቢላዋው የወንድ ነው ዋሻው የሴት ነው ብሎ የሚያልቅ ትንታኔ ኢንተርኔቱን ሞልቶታል፣ እሱ ደግሞ እንቆቅልህ ምን አውቅልህ መጫወት እንጂ ታሪክ ማንበብ አይደለም። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ባብዛኛው አንዲት ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፣ ሴክሱን ካገኛችሁት በኋላ "እሺ፣ ከዚያስ ምን ይመጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። ታሪኩ በተወራበት ዘመንና አገር ከአልጋው በኋላ የሚመጣው ምን ነበር? እርግዝና? በሽታ? ምጥ ላይ መሞት? ከቤት መባረር? ጭራቁን ባብዛኛው የምታገኙት እዛ ጋ ነው።

መጀመሪያ ጭራቁን ከታሪኩ አውጡትና የቀረውን ቡና ላይ እንደሚወራ ወሬ አድርጋችሁ ባጭሩ ተናገሩት። ለምሳሌ፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተላከች፣ መንገድ ላይ አንደበቱ የለሰለሰ እንግዳ አገኛትና ወዴት ነሽ አላት፣ ነገረችው፣ ቀድሟት ሄዶ አልጋ ላይ ሆኖ ጠበቃት። አያችሁ፣ ተኩላው ሲወጣ ማንም ወላጅ የሚያውቀው ወሬ ሆነ። ይሄ የቀይ ኮፍያዋ ልጅ ተረት ነው፣ ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባሳተመው ላይ ልጅቷ ልብሷን አውልቃ አልጋው ውስጥ ትገባለች፣ ይበላታል፣ አለቀ። ሆዱን ቀዶ የሚያወጣት አዳኝ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1812 በጀርመኖቹ በግሪም ወንድማማቾች መጽሐፍ ነው የመጣው። ፔሮ ጭራሽ መጨረሻ ላይ በግጥም አድርጎ ሴቶችን ይመክራል፣ ለስላሳና ጨዋ የሚመስሉት ተኩላዎች ናቸው አደገኞቹ ይላል፣ ስለዚህ ሲምቦሉን የደበቀው ነገር የለም። ፈረንሳይኛው ራሱ ድንግልናዋን የሰጠችን ልጅ "ተኩላውን አይታለች" ይላታል።

እኛ ጋ ተኩላው ጅብ ነው። "ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል" የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ እኔ ግን የበለጠ የሚገርመኝ በማያውቁት አገር ሄዶ "ቁርበት አንጥፉልኝ" ያለው ነው፣ ልብ በሉ፣ ሥጋ አይደለም የጠየቀው፣ መኝታ ነው። ተረቱ የሚነገረው ለሌላ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማንነቱን ደብቆ ስለሚከበር ሰው ነው፣ ግን አውሬው ቤት ውስጥ ገብቶ እንደ ክቡር እንግዳ ተነጥፎለት መተኛቱን ስታስቡት የፔሮ ተኩላ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። "ከዚያስ?" ስትሉ ደግሞ የፔሮ ዘመን መልስ ቀላል ነው፣ ጋብቻ የሁለት ቤተሰብ ውል በነበረበት ጊዜ የተታለለች ልጅ ስሟም ጥሎሿም የመዳር ዕድሏም አብሮ ነው የሚበላው።

ቀጥላችሁ ጭራቁ በየት በኩል እንደሚገባና ማን እንዳስገባው እዩ። በር፣ መስኮት፣ አፍ፣ አንገት፣ ሆድ፣ አልጋ፣ መግቢያው ሁሌም ወሬ አለው። ይሄን ለመለማመድ ከድራኩላ የተሻለ ነገር አላውቅም፣ አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው ልቦለድ ማለቴ ነው፣ ፊልሞቹ ብዙውን ነገር ቀያይረውታልና መጽሐፉን ያዙ። እዛ ላይ ቫምፓየሩ፣ ማለትም ማታ እየተነሳ የሰው ደም የሚመጠው ሙት፣ ከቤቱ ሰው አንዱ ግባ ካላለው በስተቀር መጀመሪያ መግባት አይችልም። ይቺ ሕግ በጣም ታስፈራለች፣ ምክንያቱም ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ጥያቄው "ማን መጣ" መሆኑ ይቀርና "ማን ከፈተለት" ይሆናል፣ ጥፋቱ ቀስ ብሎ ወደ ልጅቷ ዞረ ማለት ነው። ይሄን ጥያቄ ሰፈር ውስጥ ስንቴ ሰምታችሁታል? "ምን ልታደርግ ሄደች በዛ ሰዓት?" የሚለው እኮ የቫምፓየሩ ሕግ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ሉሲ የምትባል ልጅ አለች (ድንቅነሽ አይደለችም)። በአንድ ቀን ሦስት ወንዶች ለጋብቻ ይጠይቋታል፣ እሷም ለጓደኛዋ ስትጽፍ ሴት ልጅ ለምን ሦስቱንም ማግባት አይፈቀድላትም ብላ ትቀልዳለች። ይቺን ቀልድ ያዙልኝ። ቆይቶ ቫምፓየሩ ማታ ማታ ደሟን መምጠጥ ይጀምራል፣ እሷን ለማትረፍ አራት ወንዶች በየተራ ደም ይሰጧታል፣ ከዛ እጮኛዋ ደሜ ከደሟ ከተቀላቀለ በእግዜር ፊት ተጋብተናል ብዬ ነው የማስበው ሲል የተቀሩት እነሱም መስጠታቸውን ደብቀው ዝም ይላሉ። ሦስቱን ላግባ ያለችው ልጅ ሳታውቀው አራት አገባች። በመጨረሻ ራሷ ቫምፓየር ትሆንና መቃብሯ ውስጥ ደረቷ ላይ የሾለ እንጨት በመዶሻ የሚመታው ያው እጮኛዋ ነው፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። እዚህ ላይ ሲምቦል ለማግኘት መማር አያስፈልግም፣ የቀለደችበት ምኞት ተፈጸመላትና በሱ ተቀጣች።

እሺ ከዚያስ? ዘመኑን አምጡት። እንግሊዝ በ1864 ሕግ አወጣች፣ ወታደርና መርከበኛ በሚበዛባቸው ከተሞች ሴተኛ አዳሪ ናት ተብላ የተጠረጠረችን ሴት ፖሊስ ይዞ በግድ ያስመረምራታል፣ ወንዶቹን የሚነካቸው የለም። ሴቶች ታግለው በ1886 ሕጉ ተሰረዘ፣ ድራኩላ የታተመው ከዛ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። የፍርሃቱ ስም ቂጥኝ ነው፣ ተህዋሱ ገና አልታወቀም፣ የታወቀው በ1905 ነው፣ ረባ ያለ መድኃኒት የመጣው በ1910። ባል ከውጭ ይዞት ይመጣል፣ ሚስት ትያዛለች፣ ልጅ ይዞት ይወለዳል፣ ፊት ላይ ምልክት ያወጣል። አሁን መጽሐፉን መልሳችሁ እዩት፣ በደም የሚተላለፍ፣ ከተነከሰችው ወደ ልጆች የሚሄድ፣ እና ሚና የምትባለዋ ባለትዳር ሴት ከተነካች በኋላ የተቀደሰው ኅብስት ግንባሯን ሲነካው አቃጥሎ ጠባሳ ሲተውባት ርኩስ ነኝ ርኩስ ነኝ ብላ ትጮሃለች። ያጠቃት ደግሞ ባሏ አጠገቧ እዛው አልጋ ላይ ፈዝዞ በተኛበት ነው። የሴቶቹ ትምህርትና ሥራ መጀመርም የዘመኑን ሰው ያስፈራው ነበር፣ እሱም አለበት፣ ግን ለኔ ዋናው ቂጥኙ ነው። (በነገራችን ላይ የደም ዓይነት የተገኘው በ1901 ስለሆነ የአራት ሰው ደም ሳይመረመር ማቀላቀሉ ለጸሐፊው ምንም አልነበረም፣ ዛሬ ላነበበው ነርስ ግን ከቫምፓየሩ የባሰው ሆረር እሱ ነው።)

ከዛ ወደ ቋንቋው ኑ። አንድ ወረቀት ያዙና ታሪኩ ውስጥ ጭራቁ የሚያደርጋቸውን ግሶች ብቻ ጻፉ፣ በላ፣ ቀመሰ፣ ተጫነ፣ ገባባት፣ ወሰዳት፣ ያዛት፣ አበላሻት። ግማሾቹ ወንዶች ጫት ቤት ተቀምጠው ስለ ሴት ሲያወሩ የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ቡዳም "በላት" ነው የሚባለው፣ የአራዳ ልጅም ሲጎርር "በላኋት" ይላል፣ ቡዳ ደግሞ ዓይኑ የሚያርፈው ያማረ ነገር ላይ ነው ይባላል፣ ቆንጆ ሴት፣ ሙሽራ፣ የሚያምር ሕፃን። ግሱ ሲያልቅ ዝምታዎቹን ፈልጉ። አማርኛ "ሀፍረተ ሥጋ" ብሎ ይሸፍናል፣ ካስፈለገም "እንትን" ይላል፣ የሚያስፈራውን ነገር ደግሞ "ስሙን ቄስ ይጥራው" ብሎ ያልፈዋል፣ ሁለቱም ጋ የሚሆነው አንድ ነው፣ አፍ ይያዛል። ታሪኩ ውስጥ ተራኪው ድንገት "እንትን" ያለበት፣ ወይ ፊልሙ ውስጥ ካሜራው ዞር ያለበት ቦታ ላይ ቁሙ።

ሰላቢን ውሰዱ። ሰላቢ ማለት ያው እንደሚታወቀው ከጎተራው እህሉን ከማሰሮው ቅቤውን ሳይታይ በረከቱን የሚወስድ ነው፣ የገጠር ሰው እህል ሲያስገባ የሚጠነቀቀው ለዚህ ነው። ሰለበ ግን የወንድን ብልት ቆረጠ ማለት ነው፣ በድሮ ጦርነት የገደሉትን ሰልቦ ግዳይ መጣል የነበረ ነገር ነው። እህል የሚሰርቅን ሰው ለምን በዚህ ስም ጠሩት? ሲምቦል አዳኙ "የወንድነት ፍርሃት" ብሎ እዚህ ይጨርሳል። ከዚያስ ስትሉ ግን ዘር ጋ ትደርሳላችሁ፣ የሚዘራውም ዘር ነው የሚወለደውም ዘር ነው፣ ሁለቱም ከቤት ከጠፉ ርስቱን የሚይዝ የለም፣ የአባትየው ስም አበቃ። አባወራው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነበር፣ አልጋው ብቻ አይደለም።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደው ዘዴ፣ መድኃኒቱን እዩ። ጭራቁ በምን እንደሚባረር ከታወቀ የተፈራው ምን እንደነበር ይታወቃል። እኛ ጋ የወርዝልያ ታሪክ አለ፣ ደብተራ በብራና ላይ ይጽፈዋል፣ ብራናው ብዙ ጊዜ በባለቤቷ ቁመት ልክ ይሆንና ተጠቅልሎ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሰራል። ሱስንዮስ የሚባል ሰው ሚስት አግብቶ ልጅ ይወልዳል፣ ወርዝልያ ቤቱ ገብታ ልጁን ትገድልበታለች፣ እሱም ፈረሱ ላይ ወጥቶ ጦሩን ይዞ ይፈልጋታል፣ መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ይጠይቃል፣ አጋንንት ከበዋት ሲያገኛት ወርዶ ይጸልይና በጦር ይወጋታል፣ እሷም ስምህ ያለበት ቦታ አልደርስም ብላ ትምላለች። ክታቡ ላይ ያለው ሥዕልም ፈረሰኛው ሲወጋት ነው።

ጦሩን አይታችሁ የምትስቁ እንዳላችሁ ይገባኛል፣ ወንድ በፈረስ፣ ሴት መሬት ላይ፣ ጦር፣ በቃ ተፈታ። እስቲ ግን ክታቡን የምታስረው ማን ናት? እርጉዝ ሴት፣ አራስ፣ ልጅ የሚሞትባት፣ ደም የሚፈሳት። ጸሎቱ ውስጥ ማሕፀን አለ ደም አለ ሾተላይ አለ። ፈረሰኛው ወንድነቱን እያሳየ ሳይሆን የሞተበትን ልጅ ደም እየተበቀለ ነው፣ ወርዝልያ ደግሞ በዘመኑ ስም ያልነበረው የሕፃናት ሞት ፊት ናት። ስሞቻችን ራሳቸው ይመሰክራሉ፣ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባል ሰው ስታገኙ ብዙ ጊዜ ከሱ በፊት የሞተ ልጅ አለ።

ሾተላይን ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ፍርሃቱ ባዶ እንዳልነበረ በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፣ ከዛ የሚቀጥሉት እየተከታተሉ ይጨናገፋሉ ወይ ተወልደው ይሞታሉ፣ ሴትየዋን ሾተላይ አለባት ይሏታል፣ አንዳንዴም ትፈታለች። በ1940 አካባቢ የአርኤች ነገር (ደማችንን ፖዘቲቭ ወይ ኔጌቲቭ የሚያሰኘው) ሲታወቅ የእናት ደም ኔጌቲቭ ሆኖ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ልክ ይሄው ሊከሰት እንደሚችል ተረጋገጠ፣ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ያመልጣል፣ የሰውነቷ መከላከያ ከለመደ በኋላ ቀጣዮቹን ያጠቃል። ዛሬ ሐኪሞቻችን እናቶችን ሲያስረዱ ያንኑ ሾተላይ የሚል ቃል ይጠቀማሉ፣ ይሄን የሚከላከለው መርፌም እርግዝናው 28ኛው ሳምንት አካባቢ ሲደርስና ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል (ኔጌቲቭ የሆናችሁ ክትትል ስትጀምሩ ይሄን ጠይቁ፣ ከፅሑፉ ሌላ ምንም ባትወስዱ ይቺን ውሰዱ)። ታሪኩ ያየው ነገር እውነት ነበር፣ የሳተው ተጠያቂዋን ነው።

ይሄንኑ የወሊድ ፍርሃት ወንድ ላይ ብታስቀምጡት ምን ይሆናል? በ1979 የወጣው ኤሊየን የሚባለው የጠፈር ፊልም ያደረገው እሱን ነው፣ ፍጡሩ ወንዱ ፊት ላይ ተለጥፎ በአፉ በኩል ፅንሱን ሆዱ ውስጥ ያስቀምጥበታል፣ ቆይቶ ደረቱን ቀዶ ይወለዳል። ብዙ ወንድ ያን ትዕይንት ሲያይ ለምን እንዳቅለሸለሸው አያውቅም፣ ሴቶቹን ጠይቁ፣ እነሱ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ማቆሚያ ፍሬን ያስፈልጋችኋል፣ ሁሉም ነገር ሲምቦል አይደለም። ዱካክ ተጭኖት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፣ ነቅተሃል፣ መንቀሳቀስ አትችልም፣ ደረትህ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ። ፈረንጆቹም ድሮ ሌሊት መጥቶ ከሰው ጋር የሚተኛ ጋኔን ነው ብለው ነበር፣ ሄንሪ ፉዜሊ የሚባል ሠዓሊ በ1781 የተዘረጋች ሴት ደረት ላይ ጉብ ያለ ትንሽ ፍጡር ከመጋረጃው መሃል አንገቱን ካወጣ ፈረስ ጋር ሥሎታል። የሚሆነው ግን ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ ላይ ጡንቻዎቻችን ይታሰራሉ፣ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ እስሩ ለትንሽ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ክብደቱን ለመተርጎም አትሩጡ፣ እሱ የሰውነት ሥራ ነው፣ የሚተረጎመው በክብደቱ ላይ እያንዳንዱ አገር የለበጠው ፊት ነው። አንዱ ጋ ጋኔን ፍቅረኛ፣ አንዱ ጋ አሮጊት ጠንቋይ፣ አሁን አሁን አሜሪካ ውስጥ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር ሆኗል።

ሌላ ከበድ ያለ ነገር፣ ይሄ ዘዴ ለተረትና ለፊልም ነው። አንዲት ልጅ ማታ ማታ የሆነ ነገር እየመጣ ያስቸግረኛል ካለች፣ ቤተሰብም ዓይነ ጥላ ነው እንዳታገባ የያዛት ብሎ ጸበል ሊወስዳት ከሆነ፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ሲምቦል አትተንትኑ፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚያድር ጠይቁ። አንዳንዴ ልጅ የሰውን ስም መጥራት ሲያቅታት መንፈሱን ትጠራለች። ልክ ነኝ እያልኩ አይደለም በሁሉም፣ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ጸበሉ የትም አይሄድም።

ለመለማመጃ የሁላችንንም ወሬ እንውሰድ። ሰውየው በመኪና ማታ ሲሄድ ቆንጆ ልጅ መንገድ ዳር ቆማ ያገኛል፣ ያሳፍራታል፣ ብርድ ስላላት ጃኬቱን ይሰጣታል፣ ቤቷ ደጃፍ ያወርዳታል። በነጋታው ጃኬቱን ሊወስድ ሲሄድ እናትየው ልጄማ ከሞተች ቆየች ትለዋለች፣ ጃኬቱ መቃብሯ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። በብዙ አገር የሚወራ ነው፣ በአማርኛም ያልሰማው ያለ አይመስለኝም። ሙቷን አውጡ፣ ምን ቀረ? ሰውየው ማታ የማያውቃትን ሴት አሳፈረ፣ ልብሱን ሰጣት፣ በነጋታው ሊያገኛት ፈልጎ ተመለሰ። ለጃኬት ነው የተመለሰው? ተዉ እንጂ። መግቢያውን እዩ፣ በሩን የከፈተው እሱ ነው፣ ግን ወሬው ላይ ማንም "ምን ሊያደርግ አቆመላት" አይልም፣ ከሉሲ ጋር አወዳድሩት። ዝምታውን ፈልጉ፣ መኪና ውስጥ ምን አወሩ? ማንም ተራኪ አይነግራችሁም። ከዚያስ? ይሄ የሚወሰነው ወሬው በተወራበት ዘመን ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኤድስ የያዛቸው ሰዎች መጀመሪያ ሪፖርት የተደረጉት በ1986 በፈረንጆቹ ነው፣ ከዛ በኋላ በነበሩት ዓመታት ይሄን ወሬ የሰማ ወጣት ቆንጆዋ ሙት ናት ሲባል መቃብር ብቻ አይደለም የሚታየው፣ ማንም ስሙን የማይጠራው "በሽታው" ነው። ዛሬ ላይ በመተግበሪያ መኪና የሚጠራው ልጅ ሲሰማው ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚፈራው፣ ወሬው ያው፣ ፍርሃቱ ተቀይሯል።

ራሳችሁ ሆረር የምትጽፉ ከሆነ ዘዴውን ገልብጡት፣ ከጭራቁ አትነሱ። መጀመሪያ በሰፈራችሁ ሰው ዝም የሚልበትን አንድ ነገር ምረጡ፣ ልጅ አለመውለድ ሊሆን ይችላል፣ ዓረብ አገር ቆይታ ስትመለስ ምን ሆና እንደነበር የማትጠየቅ እህት ልትሆን ትችላለች። ከዛ እሱን ነገር በስሙ ሳትጠሩ አንድ የቤት ዕቃ ስጡት፣ የሚንቋቋ ቁምሳጥን፣ ያልተነጠፈ አልጋ፣ ተከፍቶ የማያውቅ ሻንጣ። ደም ባታበዙ ጥሩ ነው፣ ሌላው ደግሞ ቆንጆዋን ልጅ ቀድማችሁ አትግደሉ፣ እሱ ተሰልችቷል። የጃኬቷን ልጅ ታሪክ ከሷ በኩል ሞክሩት፣ ሌሊት መንገድ ዳር ቆማለች፣ የማታውቀው መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ እየመጣ ነው፣ ሹፌሩ መስኮቱን አወረደ። ሙት ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አትንገሩን።